ስንቅና ዕቅድ፤ የጥርጥር ወንዝ ጉዞ ታሪክ



መንገድ የሚጀመረው እግር ከደጃፍ ሲወጣ ሳይሆን ስንቅ በሚቋጠርበት ቀን ነው። ለዚህ ምስክር የሚሆነንን በደቡብ አሜሪካ ታላቅ ደን ውስጥ የተደረገ የአንድ ጉዞ ታሪክ ዛሬ እናቀርብላችኋለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቴዎዶር ሩዝቬልት ከ1901 እስከ 1909 ዓ.ም. የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ነበሩ። በ1912 ዓ.ም. እንደገና ተወዳድረው ስላልቀናቸው በተከታዩ ዓመት ወደ ደቡብ አሜሪካ ለመጓዝ ተነሡ። የመጀመሪያው ዐሳብ አስቀድሞ በታወቁ ወንዞች ላይ መዘዋወር ነበር። ስንቁንና ጀልባውን እንዲያሰናዱ የታዘዙትም ሰዎች ለዚሁ ለቀላሉ ጉዞ የሚስማማውን ሸመቱ።

ይሁን እንጂ ሩዝቬልት በጥቅምት ወር 1913 ዓ.ም. ሪዮ ዴ ዣኔሮ ሲደርሱ የብራዚል የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ላውሮ ሙለር ሌላ ዐሳብ አቀረቡላቸው። ኮሎኔል ካንዲዶ ሮንዶን የቴሌግራፍ መሥመር ሲዘረጉ በ1909 ዓ.ም. የአንድ ወንዝ መነሻ አግኝተው ነበር። መድረሻው ስላልታወቀም «የጥርጥር ወንዝ» ብለው ሰየሙት። ሩዝቬልት ይህን ወንዝ እስከ መጨረሻው ለመከተል ቈረጡ። እንግዲህ ጉዞው ተለወጠ፤ ስንቁ ግን አልተለወጠም።

የዚህም ዋጋ ወዲያው ታየ። በ1914 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ወንዙ በየብስ ሲጓዙ ብዙ የጭነት ከብቶች በድካም ወደቁ። ከባዶቹ ጀልባዎች ከመንገድ ቀሩ፤ ሣጥኖችም ተጣሉ። ከሣጥኖቹ አንዳንዶቹ ሲከፈቱ የተገኘው የወይራ ዘይት፥ ሰናፍጭ፥ የወይን ጠጅ ሳይቀር ነበር። ለግብር አዳራሽ የሚያምር ስንቅ ለረኃብ አይሆንም።

የካቲት 27 ቀን 22 ሰዎች ከግንድ በተፈለፈሉ ሰባት ታንኳዎች ወንዙን ጀመሩ። ፏፏቴው ብዙ ስለ ነበረ ታንኳውን በደን ውስጥ እየጐተቱ ማሳለፍ ግድ ሆነ። አንዳንዶቹ ታንኳዎች ተሰበሩ፤ አንድ ሠራተኛም ሰጠመ። ምግቡ እያነሰ ሄደ። ምግብ ሲሰርቅ የተገኘ አንድ ሰው አለቃውን በጥይት ገድሎ ወደ ደን ሸሸ፤ እርሱም በዚያው ቀረ። ሩዝቬልት ታንኳ ለማዳን ሲሉ እግራቸውን ቈስለው በትኩሳት ወደቁ። ለጓዶቻቸው ሸክም እንዳይሆኑም ትተዋቸው እንዲሄዱ ለመኑ። ልጃቸው ኬርሚት ግን እንቢ አለ።

ታዲያ የቀሩትን ምን አዳናቸው? ጽናታቸው ብቻ አይደለም። ሮንዶን ገና ከመነሣታቸው በፊት ወንዙ ይወጣበታል ብለው ባሰቡት ስፍራ አንድ መኰንን ስንቅ ይዞ እንዲጠብቅ አዝዘው ነበር። ሚያዝያ 26 ቀን ከእርሱ ጋር ተገናኙ። ዳግመኛም ሮንዶን ሰዎቻቸውን የደኑን ነዋሪዎች ከመግደል መሞትን እንዲመርጡ አዝዘዋል። የደኑ ሰዎች ውሻቸውን በቀስት በገደሉ ጊዜ እንኳ ሮንዶን በስፍራው ስጦታ ትተው አለፉ እንጂ አልተበቀሉም።

ከ22ቱ ሦስቱ አልተመለሱም። አንዳንድ ሊቃውንት ታሪኩን ተጠራጥረው ነበር፤ ነገር ግን በ1927 ዓ.ም. ጆርጅ ዳዮት ያንኑ ወንዝ ወርዶ እውነትነቱን አረጋገጠ። ወንዙም ዛሬ በሩዝቬልት ስም ይጠራል።

እናንተም ዛሬ ስንቃችሁን በጀርባችሁ አዝላችሁ በደን ወንዝ ዳር ለመጓዝ የምታስቡ አንባብያን፥ ይህን ልብ በሉ። ስንቅን በጣዕሙ ሳይሆን በቀኑ ቍጥር መዝኑት። መንገዱ ከተለወጠ ጓዛችሁን ፈትታችሁ እንደገና ቋጥሩ። በመድረሻው የሚጠብቃችሁ ሰው ይኑር፤ የምትደርሱበትንም ቀን ይወቅ። ደኑም ባለቤት እንዳለው አትርሱ። በቤት ሳሉ ያልታሰበው ነገር በወንዙ ላይ የሰው ሕይወት ያስከፍላልና።