የወደቡ ጥያቄ

እ.ኤ.አ. በ1944 የእንግሊዝ ወታደሮች ወደ ኖርማንዲ ለመዝመት መርከብ ሲሳፈሩ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዊንስተን ቸርችልና የሠራተኛ ሚኒስትሩ ኧርነስት ቤቪን ሊሸኟቸው ወደብ ወርደው ነበር። የ50ኛው ክፍለ ጦር ወታደሮች ቤቪንን ሲያዩ፣ ይህን ግዳጅ ከፈጸምን በኋላ ተመልሰን የሥራ አጥ ድጎማ ልንጠብቅ ነው ወይ ብለው ጠየቋቸው። ሁለቱም ባለሥልጣናት እንዲህ እንደማይሆን ቃል ገቡላቸው። ቤቪን ይህን በሳምንታት ውስጥ ለፓርላማው ተናገሩት።

የክፍለ ጦሩ መሠረት ሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ነበር፤ በታይን ወንዝ ዳር ያለችው ጃሮም የዚያው አገር ከተማ ናት። በ1930ዎቹ የፓልመርስ መርከብ መሥሪያ ሲዘጋ ጃሮ እንጀራዋን አጣች። በኦክቶበር 1936፣ 200 ወንዶች ከ11 ሺህ በላይ ሰው የፈረመበትን አቤቱታ በእንጨት ሣጥን ይዘው እስከ ለንደን በእግራቸው ተጓዙ። የፓርላማ ተወካያቸው ኤለን ዊልኪንሰንም አብረዋቸው ተራመዱ። ጠቅላይ ሚኒስትር ስታንሊ ባልድዊን ሊቀበሏቸው አልፈቀዱም። እኔን ከሁሉ የሚያንገበግበኝ አገራቸው ሲመለሱ የገጠማቸው ነው፤ በጉዞ ላይ ሳላችሁ ሥራ ቢገኝ አትደርሱም ነበር ተብለው ድጎማቸው ተቆረጠ። በከተማዋ ያልነበረ ሥራ!

የምጣኔ ሀብት ሊቁ ጆን ሜይናርድ ኬይንስ በዚያው ዓመት ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በአገር ውስጥ ለግዢና ለሥራ የሚወጣው ገንዘብ ሲያንስ ትጉህ ሠራተኛም ሥራ እንደሚያጣ አስረድተዋል። ጦርነቱ ነገሩን በተግባር አሳየ፤ መንግሥት ለታንክና ለአውሮፕላን ሲያወጣ ሥራ አጥነት ከሞላ ጎደል ጠፋ። ታዲያ በሰላም ጊዜ ለቤትና ለትምህርት ቤት ገንዘቡ እንዴት ይጠፋል?

በሜይ 1944 የወጣው የመንግሥት ሰነድ ከፍተኛና የተረጋጋ የሥራ ስምሪትን መጠበቅ ከመንግሥት ዋነኛ ኃላፊነቶች አንዱ አደረገ። «ሙሉ» ብሎ ለመጻፍ ግን አልደፈረም። የምጣኔ ሀብት ሊቁ ዊልያም ቤቨሪጅ በዚያው ዓመት ባሳተሙት መጽሐፍ ደፈሩ፤ ሙሉ ስምሪት ማለት ክፍት የሥራ ቦታ ከሥራ ፈላጊው ሲበልጥ ነው አሉ። ሰው ፍለጋ የሚንከራተተው ቀጣሪው ይሁን ማለታቸው ነው፤ የጃሮን ሰዎች ላሰበ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ለሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ቃሉ ተጠበቀ፤ ሥራ አጡ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 በመቶ በታች ነበር። የዋጋ ንረት ባየለበት በ1976 ጠቅላይ ሚኒስትር ጄምስ ካላሃን ወጪ በመጨመር ሥራ መፍጠር እንደማይቻል ለፓርቲያቸው ጉባኤ ነገሩ። በ1982 የሥራ አጡ ቁጥር ከ3 ሚሊዮን አለፈ። በወደቡ የጠየቁት ወጣቶች ያን ጊዜ ወደ ስድሳ ዓመት ተጠግተው ነበር።