የዩብዶ ፕላቲንና ከቢርቢር ወንዝ የተወለደው ስም



ከፋን ያየ ሰው ሁሉ አዘውትሮ የሚያወሳው ቡናውን፥ ማሩንና ደኑን ነው፤ ማዕድኑን የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው። ምክንያቱ ከመሬቱ አፈጣጠር የመጣ ነው። በቦንጋ ዙሪያ ያለው ደጋ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ከምድር ሆድ ገንፍሎ በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ደንጊያ የተሸፈነ ስለ ሆነ፥ ወርቅንና የመሳሰለውን የሚሸከመው ጥንታዊ ደንጊያ ከሥር ተቀብሮ ቀርቷል። ይህ ጥንታዊ ደንጊያ ፊቱን የሚያሳየው ሽፋኑ በተገፈፈበት ስፍራ ነው፤ በደቡብ ምዕራብ በማጂ በኩል ወደ አኮቦ ወንዝ፥ በሰሜን ምዕራብ ደግሞ ኢሉባቦርን ተሻግሮ በወለጋ። የዛሬው ንግግራችን በወለጋው ላይ፥ ይኸውም ከጊምቢ በስተ ደቡብ ምዕራብ በቢርቢር ወንዝ አጠገብ በሚገኘው በዩብዶ ላይ ነው።

ዩብዶን ስመ ጥር ያደረገው ፕላቲን ነው። ብዙ ሰው ይህን ማዕድን «ነጭ ወርቅ» ይለዋል፤ ነገር ግን በአንጥረኞች ዘንድ ነጭ ወርቅ የሚባለው ከፓላዲየም ወይም ከኒኬል ጋር ተቀላቅሎ የነጣ ወርቅ ነው። ፕላቲን ራሱን የቻለ ማዕድን ነው፤ ከወርቅ ይከብዳል፤ ወርቅ በ1,064 ዲግሪ ሲቀልጥ እርሱ 1,768 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፤ ዝገትም አያውቀውም። በደቡብ አሜሪካ ወርቅ ያሳጥቡ የነበሩት እስፓኞች አላቀልጥ ስላላቸው ንቀው «ፕላቲና»፥ ማለት «ትንሽ ብር» ብለው ሰየሙት። የናቁት ነገር በኋላ ለኬሚስቶችና ለፋብሪካዎች የማይታጣ ዕቃ ሆነ።

እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ከዓለም ፕላቲን አብዛኛው የሚወጣው በሩሲያ ከኡራል ተራሮች ነበር። በ1917 (እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር) አብዮት ከተነሣ በኋላ ከዚያ የሚመጣው ስለ ቀነሰ ዋጋው ናረ፤ ፈላጊዎችም ወደ ሌላ አገር ዓይናቸውን አቀኑ። በወለጋ ለብዙ ዘመን ማዕድን ሲፈልግ የኖረው ኢጣልያዊው አልቤርቶ ፕራሶ በዩብዶ ፕላቲን ያገኘው በዚሁ ወራት፥ በ1920ዎቹ ነው። በስሙ የተሰየመ ኩባንያም ቆመ።

ናሙናው ጄኔቭ ደረሰ። በዚያ የነበሩት ፕሮፌሰር ሉዊ ዱፓርክ የኡራልን ፕላቲን እንደ መዳፋቸው የሚያውቁ ሊቅ ነበሩ። የዩብዶ መሬት ከኡራል ጋር ተመሳሳይ ሆኖ ተገኘ፤ በመካከሉ ዱናይት የሚባል አረንጓዴ ቀመስ ከባድ ደንጊያ፥ በዙሪያው ደግሞ ፓይሮክሲናይት እንደ ቀለበት ከቦት ይገኛል። በኮረብታው አናት ላይ ግን እንደ ባልጩት የጠነከረ ቡናማ ደንጊያ አለ። ይህ ደንጊያ ቀድሞ ዱናይት የነበረ ነው፤ ውሃ በረጅም ዘመን ማግኒዚየሙን አጥቦ ሲወስድበት በሲሊካ ተተክቶ ጠንክሯል። ዱፓርክ፥ ሞሊና ቦርሎዝ በ1927 (እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር) ይህን ደንጊያ ሲገልጹ በወንዙ ስም «ቢርቢራይት» አሉት። ዱናይት ራሱ ስሙን ያገኘው በኒው ዚላንድ ካለው ከዱን ተራራ ነውና፥ ቢርቢር ከዱን ጋር በአንድ መዝገብ ገባ ማለት ነው።

ፕላቲኑ የሚወጣው ደንጊያው ፈርሶ ከሆነው ቀይ አፈር ነበር። አፈሩ ተቈፍሮ በውሃ ሲታጠብ ቀላሉ ይሄዳል፤ ከባዱ ይቀራል። ከሥር የሚቀረው ክሮማይትና ማግኔታይት ያለበት ጥቁር አሸዋ ነው፤ በአሸዋውም ውስጥ ከብረት ጋር የተዋሐደው የፕላቲን ፍሬ፥ ከእርሱም ጋር ጥቂት ኦስሚየምና ኢሪዲየም ይገኛል። እንዲህ ያለ ሥራ ያለ ብዙ ጕልበትና ያለ ብዙ ውሃ አይሆንም፤ የፍሬው ክብደት ሲነገር አፈሩን የተሸከመው ትከሻ ግን እምብዛም አይወሳም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በዚያን ዘመን በአገራችን ኮሌጅ አልነበረም፤ የአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተከፈተው በ1943 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የዩብዶ መሬት ምን እንደ ያዘ የሚያስረዳው ጽሑፍ በፈረንሳይኛ በጄኔቭ ሲጻፍ፥ ፈቃዱን በሚሰጠው መሥሪያ ቤት ተቀምጦ ያንን ጽሑፍ ከኩባንያው ሒሳብ ጋር የሚያስተያይ ኢትዮጵያዊ የማዕድን ሊቅ አልነበረም። የሚዋዋለው ሰው የሚዋዋልበትን ዕቃ ልክ ካላወቀ፥ ውሉ የቱንም ያህል በማኅተም ቢጸና ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን ማዘንበሉ አይቀርም።

የዩብዶ ዕድል ደግሞ ከሩቅ ተወስኖ ነበር። በ1924 (እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር) ሃንስ ሜሬንስኪ በደቡብ አፍሪካ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር የሚለካ ፕላቲን ያዘለ የደንጊያ ንጣፍ አገኘ። ያ ንጣፍ በጥልቀት የሚቈፈር ሲሆን የዩብዶው ግን በላይኛው አፈር የሚያልቅ ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ወራሪው ኢጣልያ ሥራውን በእጁ አድርጎ ያዘ፤ ከነጻነት በኋላ ወደ መንግሥታችን ቢመለስም ምርቱ እየቀነሰ ሄዶ በዓመት ጥቂት ኪሎ ብቻ ሆነ፤ የቀድሞውም ሰፊ ሥራ ቀረ።

ደንጊያ መርማሪዎች ግን ከዚያ በኋላም ወደ ዩብዶ መመላለሳቸውን አልተዉም። የሚፈልጉት አፈሩን ሳይሆን እናቲቱን ደንጊያ ነው። በዱናይቱ ውስጥ ፕላቲን መኖሩ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ፍሬው እጅግ ደቃቅና ተበታትኖ ያለ ስለ ሆነ፥ ደንጊያውን ለመፍጨት የሚወጣው ወጪ ከሚገኘው ማዕድን ዋጋ ጋር መተያየት አለበት።