የ10 ሳንቲም ጀግኖችና የሐርለሙ ልዑል

እ.ኤ.አ. በ1930 ስትሪት ኤንድ ስሚዝ የተባለ የኒውዮርክ አሳታሚ የወንጀል ታሪክ መጽሔቱን ለማስተዋወቅ ታሪኮቹን በሬዲዮ ያስተርክ ጀመር። ለተራኪው “ጥላው” የሚል ስም አወጡለት። አድማጩ ግን ከታሪኩ ይልቅ ድምፁን ወደደውና መጽሔት መሸጫው ጋ እየሄደ “የጥላውን መጽሔት ስጡኝ” ማለት ያዘ። እንዲህ የሚባል መጽሔት አልነበረም! አሳታሚው በዓመቱ ፈጠረው። ዋልተር ጊብሰን የተባለ፣ የአስማት ትርኢት የሚያውቅ ጋዜጠኛ ከ325ቱ ታሪኮች ከ280 በላይ የሚሆኑትን በብዕር ስም ጻፈ።

እነዚህ መጽሔቶች “ፐልፕ” የተባሉት ከተፈጨ እንጨት በሚሠራው ርካሽ ወረቀት የተነሳ ነው። ፍራንክ መንሲ እ.ኤ.አ. በ1896 “አርጎሲ”ን በዚህ ወረቀት አትሞ በ10 ሳንቲም ሲሸጥ ሌሎቹም ተከተሉት። ወረቀቱ በውስጡ ባለው አሲድ ይቢጫል፣ ከዚያ ይፈረፈራል። ተነቦ እንዲጣል የታተመ ነገር ስለሆነ አብዛኛው ቤተ መጻሕፍት ቦታ አልሰጠውም።

ያተረፉት ወዳጆቹ ናቸው። “ዊርድ ቴልስ” መጽሔት ላይ አስፈሪ ታሪኮችን ይጽፍ የነበረው ላቭክራፍት እ.ኤ.አ. በ1937 በድህነት ሲሞት፣ ሁለት ወዳጆቹ፣ ዴርሌትና ዋንድሬ፣ ሥራዎቹን ሰብስበው ወደ ትልልቅ አሳታሚዎች ሄዱ። አልተቀበሏቸውም። በ1939 አርክሃም ሃውስ የሚል የራሳቸውን ማተሚያ ድርጅት አቋቁመው አሳተሙት። ዛሬ ላቭክራፍትን የማያነብ ሰው እንኳ የእሱን ጭራቆች በፊልምና በጌም ያውቃቸዋል።

ነገር ግን ሰብሳቢ የሚሰበስበው የወደደውን ነው። የፐልፕ ጀግኖች ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም ነጮች ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1912 በፐልፕ መጽሔት የተወለደው ታርዛን እንደሚያሳየው፣ አፍሪካ ለነጩ ጀግና መፈንጫ ጫካ ነበረች።

በተቃራኒው የቆመ አንድ ሥራ አለ። ፋሺስት ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1935 ኢትዮጵያን ሲወር፣ የጥቁር አሜሪካውያኑ ጋዜጣ ፒትስበርግ ኩሪየር ዘጋቢውን ጆኤል ሮጀርስን ወደ ጦርነቱ ላከ። በዚያው ጋዜጣ ጆርጅ ስካይለር በየሳምንቱ የሚቀጥል ልብ ወለድ ይጽፍ ነበር፦ ሐርለም ውስጥ አንድ ኢትዮጵያዊ ልዑል ተገድሎ ይገኛል። ስለላ፣ ፍቅር፣ ምስጢር፣ “ይቀጥላል”። ቅመሙ ያው የፐልፕ ቅመም ነው፣ የተለየው የማን ወገን መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1938 እስከ 1939 ደግሞ በጣሊያን ላይ ስለሚነሳ የኢትዮጵያውያን ዐመፅ ሌላ ተከታታይ ታሪክ ጻፈ።

ሁለቱ ታሪኮች የታሪክ ምሁሩ ሮበርት ሂል አርታዒ ሆኖ በመጽሐፍ የወጡት እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። የላቭክራፍት ሥራዎች ከሞተ በሁለት ዓመት ታተሙ፤ ስካይለር ግን የእሱ ሲታተሙ ከሞተ 17 ዓመት አልፎት ነበር።