የሰንበቱን ፈረቃ ማን ይሥራው?

በሽታ ቀን አይመርጥም። ስለዚህ ሆስፒታል የሚቀጠር ነርስ ቅዳሜና እሑድን ለራሱ አስቀርቶ አይፈርምም። ሆኖም በዋሽንግተንና በሜሪላንድ አካባቢ ሥራ ከሚያፈላልጉት ኢትዮጵያውያን ነርሶች ብዙዎቹ ከደመወዙ ቀጥለው የሚጠይቁት ይህንኑ ነው፦ እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ላይ መገኘት እችላለሁ? አድቬንቲስቱ ደግሞ ጥያቄውን ከዓርብ ምሽት ይጀምረዋል። ነገሩ የአንድ ሰው የግል ጉዳይ ቢመስልም ከኋላው ረጅም ታሪክ አለ። በዚያ ታሪክ ውስጥ ነርሷን ነጻ ያወጣት ብዙውን ጊዜ ሕጉ ሳይሆን የሰው እጥረቱ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የትኛው ቀን ይከበር የሚለው ክርክር ለኢትዮጵያዊ አዲስ አይደለም። አባ ኤዎስጣቴዎስ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ቀዳሚት ሰንበትም እንደ እሑድ ትከበር ብለው በመጽናታቸው አገር ለቀው ወጡ፤ ያረፉትም በአርመን ምድር ነው። ተከታዮቻቸው ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል ተገፉ። በ1450 ግን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ አስወሰኑ። ጉባኤው ሁለት ቀን ሰጠ፤ የዘመኑ የሆስፒታል ሠሌዳ ግን አንዱንም በቀላሉ አይሰጥም።

የአሜሪካ ነርሶች ታሪክ የሚጀምረው እረፍት ከማይታወቅበት ቦታ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሆስፒታሎቹን የሚያንቀሳቅሱት ተማሪ ነርሶች ነበሩ። በቀን 12 ሰዓት ገደማ ይሠሩ ነበር። ይሰጣቸው የነበረው እረፍት በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላና የእሑድ ከፊል ቀን ነው፤ ያም ቤተ ክርስቲያን ይሳሙበት ተብሎ እንጂ ይረፉበት ተብሎ አልነበረም። ከተመረቁ በኋላ አብዛኞቹ በሰው ቤት ገብተው በሽተኛ ያስታምሙ ነበር፤ እዚያ ደግሞ ሌሊትና ቀኑም አይለይም። ነርሶች በብዛት የሆስፒታል ቋሚ ሠራተኛ የሆኑት ከ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ቀውስ ወዲህ ነው።

ሠራተኛ ሆኑ እንጂ መደራደሪያ አላገኙም። በ1947 የወጣው የታፍት-ሃርትሊ ሕግ ለትርፍ ያልቆሙ ሆስፒታሎችን ከፌዴራሉ የማኅበርና የድርድር ሕግ ውጭ አደረጋቸው። ይህ የተስተካከለው በ1974 ነው። በመካከሉ ባሉት 27 ዓመታት ሠሌዳ የምታወጣው ኃላፊ ነርስ ቃል ሕግ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዛሬ በብዙ ሆስፒታሎች የተለመደው «በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜና እሑድ» የሚለው ተራ እንኳ ከእንዲህ ዓይነቱ ዘመን ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ነገር ነው።

የኅሊና ጉዳይ በሌላ በር መጣ። በ1963 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የአዴል ሸርበርትን ጉዳይ ወሰነ። ሸርበርት በደቡብ ካሮላይና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የምትሠራ አድቬንቲስት ነበረች። ቅዳሜ አልሠራም ብላ ተባረረች፤ የሥራ አጥ ድጎማም ተከለከለች። ፍርድ ቤቱ ድጎማው ይገባታል አለ። ልብ ይሏል፣ ድጎማውን እንጂ ሥራውን አልመለሰላትም። በ1964 የሲቪል መብት ሕግ ወጣ። በ1972 ደግሞ የዌስት ቨርጂኒያው ሴናተር ጄኒንግስ ራንዶልፍ ቀጣሪ የሠራተኛውን እምነት በሚቻለው መጠን እንዲያስተናግድ የሚያስገድድ አንቀጽ አስጨመሩ። ሴናተሩ ራሳቸው ቅዳሜን የሚያከብር የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን አባል ነበሩ።

አንቀጹ ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ ጥርሱ ተነቀለ። ላሪ ሃርዲሰን በካንሳስ ሲቲ የቲ.ደብሊው.ኤ. አየር መንገድ ጥገና ጣቢያ፣ ዓመቱን ሙሉ ሌት ተቀን በሚሠራ የዕቃ ክፍል ውስጥ ሠራተኛ ነበር። ቅዳሜን ማክበር ሲጀምር በመጀመሪያ መላ ተገኘለት። ወደ ሌላ ሕንፃ ሲዛወር ግን በአገልግሎት ዘመን ከመጨረሻዎቹ አንዱ ሆነ፤ ቅዳሜም ደረሰችው። በ1977 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቀጣሪው ከጥቂት ወጪ በላይ እንዲሸከም አይገደድም፣ የሌሎቹን ሠራተኞች የቅድሚያ መብትም ሊነጥቅ አይገባም ብሎ ፈረደ።

ፍርዱ ብዙ ተወቅሷል፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን ውስጡ ያለው ጥያቄ ውሸት አይደለም። ያቺን ቅዳሜ የሚሠራው ሰው ማን ነው? እሱስ ልጆች የሉትም? የሕሙማን ክፍል ውስጥ ነገሩ ከዕቃ ክፍል ይብሳል። ነርስ ስትጎድል ሥራው አያድርም፤ ለቀሪዎቹ ይከፋፈላል። አንዷ የማትገባበት ሰንበት ለሌላዋ ሁለት ተጨማሪ በሽተኛ ሊሆን ይችላል።

መልሱ ከፍርድ ቤት ሳይሆን ከገበያ መጣ። ነርስ በጠፋበት ወቅት፣ በ1981፣ በዳላስ የሚገኘው የቤይለር ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል አንድ ዘዴ አመጣ። ፈቃደኛ ነርሶች ቅዳሜና እሑድ ሁለት የ12 ሰዓት ፈረቃ ብቻ ይሠራሉ፤ የ24 ሰዓቱ ሥራ እንደ 36 ሰዓት ይከፈላል። ሌሎቹ ከሰኞ እስከ ዓርብ ይሠራሉ። ዘዴው «የቤይለር ፕላን» ተብሎ ወደ ሌሎች ሆስፒታሎች ተዛመተ። በሳምንቱ ቀናት የምትማር ወይም ልጅ የምታሳድግ ነርስ ሰንበቱን ወደደችው፤ ሰንበትን የምታከብረው ደግሞ ተገላገለች። ማንም የማንንም እምነት አልመረመረም። ነገር ግን ትርፍ ክፍያ ስለሆነ በጀት ሲጠብ ቶሎ ሊሰረዝ የሚችለውም እሱ ነው።

ሌሎች በሮችም አሉ። በ1902 ሊና ሮጀርስ በኒውዮርክ የመጀመሪያዋ የትምህርት ቤት ነርስ ስትሆን ሰንበቷ ከነሙሉ ክብሩ የተጠበቀ የነርስ ሥራ ተፈጠረ ማለት ይቻላል። የተመላላሽ ክሊኒኮችም አብዛኛውን ጊዜ እንዲሁ ናቸው። የኩላሊት እጥበት ማዕከል ግን መታለል ያመጣል። ሕሙማኑ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ ግማሾቹ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ግማሾቹ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ይታጠባሉ። ለኦርቶዶክሱ እሑድ ነጻ ነው፤ ለአድቬንቲስቱ ቅዳሜ ወጥመድ ነው።

የቀን አቆጣጠሩም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት የሆነ የዓርብ ፈረቃ በሰኔ ችግር የለበትም። በታኅሣሥ ግን ዋሽንግተን ላይ ጀንበር የምትጠልቀው 11 ሰዓት ሳይሞላ ነው። የቅዳሜ ሌሊት ፈረቃ ደግሞ እሑድ ጠዋት 1 ሰዓት ይለቃል፤ ቅዳሴው ይደረሳል፣ እንቅልፉ ግን በጸሎቱ መሐል ይመጣል።

የሃይማኖት ሆስፒታል መቀጠርም ሰንበትን አያስቀርም። የአዲስ አበባው ዘውዲቱ ሆስፒታል በደርግ ዘመን እስኪወረስ ድረስ በአድቬንቲስቶች ይተዳደር ነበር። የዚህ እምነት ሆስፒታሎች ልማድ ሊቆይ የሚችለውን ቀጠሮና የቢሮ ሥራ ከቅዳሜ ማውጣት ነው፤ የተኛውን በሽተኛ ግን ቅዳሜም ያስታምማሉ። በእስራኤልም የ1951 ሕግ ለሠራተኛ በሳምንት ቢያንስ 36 ተከታታይ ሰዓት እረፍት ይሰጣል፤ ለአይሁዳዊ ሰንበትን፣ አይሁዳዊ ላልሆነ ደግሞ ዓርብን፣ ቅዳሜን ወይም እሑድን ያካትታል። ሆስፒታል ግን በፈቃድ ይሠራል፤ ነፍስ ማዳን ሰንበትን ይቀድማልና።

በሰኔ 2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአንድ ድምፅ የ1977ቱን መለኪያ አጠበቀ። ባለጉዳዩ ጄራልድ ግሮፍ እሑድ ጥቅል አላድልም ያለ የፔንሲልቫኒያ ፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበር። ከእንግዲህ ቀጣሪ እምቢ ለማለት ጥያቄው በሥራው ላይ ከባድ ጫና እንደሚያመጣ ማሳየት አለበት፤ የባልደረባ ማጉረምረም ብቻውን አይበቃም። በሦስት ነርስ የሚንቀሳቀስ የገጠር ክሊኒክና ሦስት መቶ ነርስ ያለው የከተማ ሆስፒታል ግን ይህን መለኪያ እኩል አያልፉትም። ስለዚህ ነርሷ ከመፈረሟ በፊት በክፍሉ ስንት ሰው እንዳለ፣ ፈረቃ መለዋወጥ ይፈቀድ እንደሆነና የሰንበት ተረኞች ለብቻ የተቀጠሩ መሆናቸውን ብትጠይቅ፣ መልሱንም በጽሑፍ ብትይዝ ይሻላታል።