ቅጣቱን የጨረሰ ሰው ድምፅ አለው ወይ? ከአሜሪካ ሕግ ታሪክ



ዛሬ ይዘን የቀረብነው ጉዳይ የአሜሪካ ቢሆንም ለብዙ ቤተሰቦቻችን ሩቅ አይደለም። በዋሺንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ ወንድም እህቶቻችን ብዙ ናቸው። እነዚህ ሦስቱ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ሰው ጠዋት ከአንዱ ተነስቶ በሌላው ሠርቶ ማታ ቤቱ ይገባል። ነገር ግን ዜግነት ያለው አንድ ሰው በከባድ ወንጀል ቢፈረድበት የመምረጥ መብቱ በሦስቱ ሦስት ዓይነት ነው። የዲሲ ነዋሪ ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ሕግ መሠረት እስር ቤት ሆኖም ይመርጣል። የሜሪላንድ ከሆነ ከ2016 ጀምሮ ከእስር በወጣ ጊዜ መብቱ ይመለስለታል። የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ በቨርጂኒያ ከሆነ ግን የግዛቱ ገዥ ካልመለሰለት በስተቀር እስከ ዕለተ ሞቱ አይመርጥም።

ጥፋቱ አንድ ሆኖ ሳለ ፍርዱ በወንዝ ማዶና ማዶ ለምን ተለያየ? ለዚህ መልስ ለመስጠት ወደ ታሪኩ መመለስ ግድ ይለናል። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

◆ ሥሩ የት ነው?

ወንጀለኛን ከሕዝብ ጉዳይ ማግለል የቆየ ነገር ነው። በጥንቷ አቴና የተወሰነ ጥፋት የፈጸመ ሰው በጉባኤ መናገርም ሆነ ድምፅ መስጠት ይከለከል ነበር። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ደግሞ ከባድ ወንጀለኛ በሕግ ፊት እንደሞተ ይቆጠር ነበር፤ ንብረቱ ይወረሳል፣ መብቱ ይገፈፋል። ይህ አስተሳሰብ ከሰፋሪዎች ጋር ባሕር ተሻግሮ አሜሪካ ገባ።

ነገሩ መልኩን የቀየረው ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ነው። ባርነት በ1865 ሲሻር የወጣው 13ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አንድ ቀዳዳ ትቶ ነበር፤ በወንጀል የተፈረደበትን ሰው በግዳጅ ማሠራትን አልከለከለም። በ1868 የጸደቀው 14ኛው ማሻሻያም ዜጎቹን ከምርጫ የሚያግድ ግዛት በምክር ቤት ያለው ወንበር እንዲቀነስ ሲደነግግ፣ «በአመፅ ወይም በሌላ ወንጀል» የተካፈሉትን ከዚህ ለይቷል። በ1870 የጸደቀው 15ኛው ማሻሻያ ደግሞ ማንም በዘሩ ወይም በቀለሙ ምክንያት ከመምረጥ እንዳይከለከል አዘዘ። እንግዲህ ጥቁሮች እንዳይመርጡ የሚፈልጉ የደቡብ ግዛቶች «ጥቁር አይምረጥ» ብለው መጻፍ አልቻሉም። «ወንጀለኛ አይምረጥ» ብለው መጻፍ ግን ይችሉ ነበር።

◆ ዝርዝሩን ማን መረጠው?

የሚሲሲፒን ነገር ልብ እንበል። በ1890 በወጣው የግዛቲቱ ሕገ መንግሥት የመምረጥ መብት የሚያሳጡ ጥፋቶች ተዘረዘሩ፦ ጉቦ፣ ቤት ሰብሮ መስረቅ፣ ስርቆት፣ ቃጠሎ፣ አታሎ ገንዘብ ወይም ዕቃ መውሰድ፣ በሐሰት መመስከር፣ ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀት፣ አደራ መብላት፣ በጋብቻ ላይ ጋብቻ። ዝርዝሩን ደግመን ብናነበው ነፍስ መግደል የለበትም፤ አስገድዶ መድፈርም የለበትም። ዶሮ የሰረቀ ድምፁን ያጣል፣ ሰው የገደለ ግን ይመርጣል ማለት ነው። ግድያና አስገድዶ መድፈር በዝርዝሩ የገቡት ከ78 ዓመት በኋላ፣ በ1968 ነው።

ይህ ምን የሚሉት ፍትሕ ነው? መልሱን የሰጠው የሚሲሲፒ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ራሱ ነው። በ1896 በሰጠው ውሳኔ፣ ጉባኤው ጥቁሮችን በቀጥታ እንዳያገል በፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ስለታሰረ፣ ጥቁሮች ያዘወትሯቸዋል ብሎ ያሰባቸውን ጥፋቶች መርጦ እንዳገለ በግልጽ ጻፈ።

አላባማም በ1901 ተከተለች። የጉባኤው ሊቀ መንበር ጆን ኖክስ በመክፈቻ ንግግሩ ዓላማቸው በሕግ ውስጥ ሆኖ የነጮችን የበላይነት ማጽናት መሆኑን አልደበቀም። በዚያ ሕገ መንግሥት «የሞራል ዝቅጠት» የሚያሳይ ጥፋት ሁሉ ድምፅ እንዲያሳጣ ተደነገገ። ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ግን አልተተረጎመም፤ እንደ መዝጋቢው ፈቃድ ይጠባል፣ ይሰፋል። ከብዙ ዓመታት በኋላ በደረቅ ቼክ ብቻ የተቀጡ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ጥቁር አንዱ ነጭ፣ ድምፃቸውን አጥተው ከሰሱ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1985 በሙሉ ድምፅ ፈረደላቸው፤ ድንጋጌው በዘር ጥላቻ ታስቦ የወጣ ነው አለ። ጥቁሩን ለመያዝ የተጣለው መረብ ነጩንም ይዞ ተገኘ።

ይሁንና ያው ፍርድ ቤት ቀደም ብሎ በ1974፣ ያንኑ የ14ኛው ማሻሻያ ሐረግ ይዞ ግዛቶች ወንጀለኞችን ከምርጫ ማገድ ይችላሉ ብሎ ወስኖ ነበር። በሩ እስካሁን ያልተዘጋው በዚህ ምክንያት ነው።

◆ የማልኮም ኤክስ ነገር

ብዙዎቻችን የምናውቀውን ሰው እናንሳ። አል-ሐጅ ማሊክ አል-ሸባዝ፣ ማልኮም ኤክስ (አላህ ይዘንለት)፣ በ1946 በማሳቹሴትስ የታሰረው ቤት ሰብሮ በመስረቅ ነው። በ1952 በአመክሮ ወጣ። በሚያዝያ 1964፣ ለሐጅ ከመጓዙ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በክሊቭላንድ ከተማ «ድምፅ ወይስ ጥይት» በሚል የሚታወቀውን ንግግሩን አደረገ። ጥቁር አሜሪካውያን ድምፃቸውን በከንቱ እንዳይጥሉ ያስተማረው ሰው የቀድሞ እስረኛ ነበር።

አሁን አንድ ነገር እናስብ። ቤት ሰብሮ መስረቅ በሚሲሲፒ ዝርዝር ውስጥ ነበር፤ የወጣው በ1950 ነው። ያ ሰው በ1946 የተፈረደበት እዚያ ቢሆን ኖሮ፣ ስለ ድምፅ ዋጋ ሌላውን እያስተማረ እሱ ራሱ በሕጉ ድምፅ አልባ ይሆን ነበር።

◆ «ሕግ የጣሰ ሕግ አውጪ ይምረጥ?»

የተቃዋሚዎቹን ሐሳብ ሳናዛባ እናቅርበው። ሕግ የጣሰ ሰው ሕግ አውጪውን የመምረጥ አመኔታ አጥቷል ይላሉ። የተገደለው ሰው ድምፅ ላይመለስ የገዳዩ ለምን ይመለሳል ብለውም ይጠይቃሉ። ይህ የተበዳዮች ሕመም ያለበት ጥያቄ ነው፤ በቀላሉ የሚገፋ አይደለም።

በመድረሳ የምንቀራው አንድ መስአላ እዚህ ላይ ያግዘናል። ንጹሕን ሰው በዝሙት ወንጅሎ አራት ምስክር ያላቀረበ ሰው ይገረፋል፣ ምስክርነቱም ውድቅ ይሆናል። ተውበት ካደረገስ? ሐነፊዮች ተውበቱ ከፋሲቅነት ያወጣዋል እንጂ ምስክርነቱን አይመልስለትም ብለዋል። ሻፊዒዮች፣ ማሊኪዮችና ሐንበሊዮች ግን ምስክርነቱም ይመለሳል ብለዋል። ምስክርነትና ምርጫ አንድ አይደሉም፤ ከዚህ ተነስተን ሑክም እየሰጠን አይደለም። ልብ ልንለው የሚገባው ግን የተወሰደው መብት ከጥፋቱ ጋር መገናኘቱን ነው። በአንደበቱ የበደለ ሰው የተያዘው በአንደበቱ ነው።

የሀገራችን የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 123 ደግሞ ፍርድ ቤት የጥፋተኛን የመምረጥ መብት ሊገፍ እንደሚችል ይናገራል፤ ነገር ግን ዳኛው የጥፋቱን ዓይነት አይቶ፣ ሰውየው ለዚያ መብት የማይገባ መሆኑን መዝኖ ነው። ድምፅ የገዛ ወይም ኮሮጆ የሰረቀ ሰው ለተወሰነ ጊዜ ከምርጫ ቢታገድ ምክንያቱ ይገባናል። ከብት የሰረቀ ወይም ደረቅ ቼክ የጻፈ ሰው ግን እስራቱን ጨርሶ፣ ካሳውን ከፍሎ፣ ግብር እየከፈለ ለዕድሜ ልክ ዝም ይበል ማለት ከጥፋቱ ጋር ምን ያገናኘዋል?

◆ ዛሬስ?

በፍሎሪዳ በ2018 ከ64 በመቶ በላይ መራጭ ፍርዳቸውን የጨረሱ ሰዎች ድምፅ ይመለስ ብሎ ወሰነ፤ በግድያና በወሲብ ወንጀል የተፈረደባቸው ሲቀሩ 1.4 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን የሚመለከት ነበር። በማግሥቱ ዓመት ምክር ቤቱ ፍርድ ማለት ቅጣትና የፍርድ ቤት ክፍያውንም ይጨምራል የሚል ሕግ አወጣ፤ የይግባኝ ፍርድ ቤትም በ2020 አጸናው። ገንዘብ ያለው ከፍሎ መረጠ፣ የሌለው ቀረ።

በቨርጂኒያ ገዥው ቴሪ ማኮሊፍ በ2016 ከ200 ሺህ በላይ ሰዎችን በአንድ ትእዛዝ መለሱ። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጅምላ አይቻልም ብሎ 4 ለ3 ሻረው፤ እሳቸውም አንድ በአንድ መመለስ ጀመሩ። በ2023 ደግሞ የግሌን ያንግኪን አስተዳደር ከእስር ለወጡ ሰዎች የሚደረገውን ቀጥተኛ መመለስ አስቀረ። በሕግ ያልጸና መብት ሹም በመጣ ቁጥር እንዲህ ይወጣል ይወርዳል። በአንጻሩ ሜይንና ቨርሞንት እስረኞቻቸውን እንኳ ከልክለው አያውቁም፤ በዚህም ምርጫቸው አልፈረሰም።

ታስሮ ያለ ሰው ይምረጥ ወይስ አይምረጥ የሚለው ላይ አስተዋዮች ቢለያዩ እንረዳለን። ቅጣቱን በጨረሰው ላይ ግን አቋማችን ግልጽ ነው፤ ድምፁ ሊመለስለት ይገባል። ዳኛው «አምስት ዓመት» ብሎ ፈርዶ ሕጉ «ዕድሜ ልክ» ብሎ ከጨመረበት፣ ያ ጭማሪ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ተገቢ ነው። በሚሲሲፒና በአላባማ ጠይቀን ያገኘነው መልስ የሚያኮራ አይደለም።

በዚያ አካባቢ ያላችሁ ወንድም እህቶች፣ ታስሮ የወጣ ዘመድ ወይም ጎረቤት ካላችሁ «ለአንተ አይፈቀድም» የሚለውን ወሬ ብቻ ሰምቶ እንዳይቀመጥ ንገሩት። በሚኖርበት ግዛት መብቱ ተመልሶ ሊሆን ይችላል። ካልተመለሰ ደግሞ ሳያጣራ ቢመርጥ ዳግም ሊከሰስ ስለሚችል አስቀድሞ ከምርጫ ጽሕፈት ቤቱ ይጠይቅ። ሰላት ላይ አብሮን የሚሰለፍን ሰው በኑሮውም ጉዳይ ብቻውን አንተወው።

ወላሁ አዕለም።