ራሱን የሚያዳምጥ ኮንክሪት

ሲሚንቶው ውስጥ የካርቦን ክር፣ ጥቀርሻ ወይም ናኖቲዩብ የተባለ እጅግ ደቃቅ የካርቦን ቱቦ ተደባልቆበት ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ፣ ጭነት ሲያርፍበት ወይም ሲሰነጠቅ በኤሌክትሪክ ተቃውሞው ለውጥ የሚያሳብቅ የግንባታ ቁስ። ፑ-ዎይ ቼን እና ዴቦራ ቹንግ በአሜሪካ፣ በኒውዮርክ ግዛት ዩኒቨርሲቲ ቡፋሎ ሆነው የሠሩት ፈር ቀዳጅ ጥናት በ1993 እ.ኤ.አ. ታተመ።

ክሩ ከፀጉር የቀጠነ፣ ርዝመቱ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከድብልቁ ይዘት ግማሽ በመቶ እንኳ ሳይሞላ ሥራውን ይሠራል። ኮንክሪቱ ሲሳብ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይከፈታል፤ ስንጥቁን ተሻግሮ የያዘው ክርም ከሲሚንቶው በጥቂቱ ይላቀቅና ተቃውሞው ይጨምራል። ሲጫን ግን ክርና ሲሚንቶ ይበልጥ ይጣበቃሉ፤ ተቃውሞው ይወርዳል። ጭነቱ ተነሥቶ ንባቡ ወደ ቦታው ከተመለሰ ደህና፤ ካልተመለሰ የተጎዳ ነገር አለ።

ለመለካት አራት ሽቦ ይታሰራል፤ የዳር ሁለቱ ከረንት ያስገባሉ፣ የመሐል ሁለቱ ቮልቴጅ ያነባሉ። በሁለት ሽቦ ብቻ ቢሞከር ሽቦውና ኮንክሪቱ የሚገናኙበት ቦታ የራሱን ተቃውሞ ጨምሮ ልኬቱን ያበላሻል።

ትልቁ ራስ ምታት ማደባለቁ ነው። ክሩ እንደ ጥጥ ይቋጠራል፤ እንዲበተን ሲሊካ ፊውም የተባለ እጅግ የደቀቀ ዱቄት ይጨመርበታል። እርጥበትም ተቃውሞን ስለሚቀንስ፣ ዝናብ የጠጣ ድልድይ ከባድ መኪና የተሸከመ ሊመስል ይችላል!

በጥቀርሻው በኩል የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች በ2023 እ.ኤ.አ. ሲሚንቶን የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ አድርገውታል፤ በስሌታቸው 45 ሜትር ኩብ ኮንክሪት 10 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይይዛል።