የተረሳው መቆለፊያ

አውሮፕላን መሬት ላይ ቆሞ ሳለ ነፋስ ጠላቱ ነው። በክንፎቹና በጭራው ላይ በማጠፊያ የተያያዙት ተንቀሳቃሽ አካሎች፣ ማለትም አብራሪው አየር ላይ ሆኖ አውሮፕላኑን ከፍ ዝቅ የሚያደርግባቸውና ግራና ቀኝ የሚያዞርባቸው መሪዎች፣ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር እንዳልተቀረቀረ መስኮት እየተላተሙ ይጎዳሉ። ስለዚህ ይቆለፋሉ። አውሮፕላኑ ሊነሳ ሲል ደግሞ መቆለፊያው ይፈታል። ሥራው አንዲት እጀታ ከማንቀሳቀስ አያልፍም። ይሁንና በዚህች እጀታ ምክንያት የሰባ ዘጠኝ ዓመት ልዩነት ያላቸው ሁለት አደጋዎች ደርሰዋል። የመጀመሪያው ለዓለም አብራሪዎች «ቼክሊስት» የሚባለውን የማረጋገጫ ዝርዝር አተረፈላቸው። ሁለተኛው የደረሰው ዝርዝሩ እያለ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኦክቶበር 30 ቀን 1935 ነው። በኦሃዮ ግዛት፣ በዴይተን ከተማ አጠገብ በሚገኘው የራይት ፊልድ ጦር አየር ማረፊያ አንድ ግዙፍ አውሮፕላን ለሙከራ በረራ ተዘጋጅቷል። የሲያትሉ የቦይንግ ኩባንያ በራሱ ገንዘብ የሠራው ሞዴል 299 ነው። ተወዳዳሪዎቹ ማርቲንና ዳግላስ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ሲያቀርቡ ቦይንግ ባለ አራት ሞተር ይዞ መጣ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ከሲያትል ተነስቶ ዴይተን የደረሰው በዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ ለጊዜው ይህ የሚያስደንቅ ፍጥነት ነበር። አንድ የሲያትል ጋዜጠኛ ገና ሲያየው «በራሪ ምሽግ» የሚል ስም አውጥቶለታል። ውድድሩ ለወጉ ያህል የቀረ ይመስል ነበር።

በመሪው ላይ የተቀመጡት ሻለቃ ፕሎየር ሂል የሠራዊቱ አንጋፋ የሙከራ አብራሪ ናቸው። ከጎናቸው መቶ አለቃ ዶናልድ ፑት፣ ከኋላቸው ደግሞ የቦይንግ ዋና የሙከራ አብራሪ ሌዝሊ ታወር አሉ። ከሁለት ባለሙያዎች ጋር ባጠቃላይ አምስት ሰዎች መሆናቸው ነው። አውሮፕላኑ ተንደርድሮ ተነሳ። አፍንጫውን ግን ከልክ በላይ ወደ ሰማይ ቀሰረ፤ ሽቅብ ጥቂት እንደወጣ ጉልበት ከዳው፤ ዞሮ ወደቀና በእሳት ተያያዘ። ሮበርት ጆቫኖሊ የሚባል መቶ አለቃ እሳቱ ውስጥ ዘሎ ገብቶ አንዱን ሰው በመስኮት አወጣ። ሌላ ሰው ውስጥ መቅረቱን ሲሰማ ሰውነቱ እየተቃጠለ ተመልሶ ገባና እሱንም ይዞ ወጣ። (ይህ ጀግና ለዚህ ተግባሩ የሚገባውን ሽልማት በእጁ ሳይቀበል፣ ከጥቂት ወራት በኋላ በሌላ የአውሮፕላን አደጋ ሞተ።) ሻለቃ ሂል በዚያው ዕለት፣ ታወር ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ አረፉ።

መርማሪዎቹ የተበላሸ ሞተርም ሆነ የተሰበረ ክንፍ አላገኙም። ያገኙት ነገር የጭራው መሪ እንደተቆለፈ መቅረቱን ነው። መቆለፊያውን ሳይፈቱ ተነስተዋል።

ሠራዊቱ የዳግላስን አውሮፕላን 133 አዘዘ፤ ቦይንግ ለኪሳራ ተቃረበ። ነገር ግን በ299 ተስፋ ያልቆረጡ መኮንኖች ነበሩና ለሙከራ የሚሆኑ 13 አውሮፕላኖች ተገዙ። እዚህ ላይ የተነሳው ጥያቄ ቀላል አልነበረም። አብራሪዎቹን ይበልጥ እናሠልጥን እንዳይባል፣ ከሻለቃ ሂል የተሻለ የሠለጠነ ከወዴት ይመጣል? ስለዚህ ሌላ መንገድ ተመረጠ፤ ከመነሳት በፊት፣ በበረራ ጊዜ፣ ከማረፍ በፊትና ካረፉ በኋላ የሚደረገውን ሁሉ በአጭሩ በወረቀት ላይ አሰፈሩት። በዝርዝሩ ውስጥ አንድም አዲስ ዕውቀት የለም። ማንኛውም አብራሪ በእንቅልፍ ልቡ ሊናገረው የሚችል ነገር ነው። መጻፉም ስለዚህ ነው፤ ሰው የሚረሳው የማያውቀውን አይደለምና። ያ አውሮፕላን በኋላ ቢ-17 ተብሎ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት 12,731 ያህል ተሠራ።

ከጦርነቱ በኋላ ዝርዝሩ ወደ መንገደኛ አውሮፕላኖች ተዛመተ፤ አንዱ አብራሪ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው በዓይኑ አይቶ በእጁ ነክቶ ይመልሳል። አልፎ አልፎ ሲዘለል ምን እንደሚከተል በኦገስት 1987 ዲትሮይት ላይ ታይቷል። የክንፎቹ ማንሻ ሳይዘረጋ የተነሳ አውሮፕላን ወድቆ 156 ሰዎች አልቀዋል። ቢሆንም የመንገደኛ አውሮፕላን አብራሪ ተመልካች አለው። ዛሬ ከአንዱ፣ ነገ ከሌላው ጋር ይመደባል፤ ተቆጣጣሪ ኋላው ይቀመጣል። የግል ጄት ነገር ሌላ ነው። አብራሪዎቹ ሁለት፣ አለቃቸው አንድ፤ ዓመት እስከ ዓመት እነዚያው ሰዎች በዚያችው አውሮፕላን ይመላለሳሉ።

ሜይ 31 ቀን 2014 ቅዳሜ ማታ፣ ከቦስተን ከተማ ወጣ ብሎ ከሚገኘው የቤድፎርድ አየር ማረፊያ አንድ ጋልፍስትሪም 4 ጄት ወደ አትላንቲክ ሲቲ ሊበር ተዘጋጀ። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ የ72 ዓመቱ ባለጸጋ ሉዊስ ካትዝ ናቸው። የፊላደልፊያ ኢንኳየረር ጋዜጣን ከሽርካቸው ጋር በ88 ሚሊዮን ዶላር በጨረታ ካሸነፉ ገና አራት ቀናቸው ነው። ኮንኮርድ ከተማ ከተካሄደ የትምህርት መርጃ ዝግጅት መመለሳቸው ነበር። ሁለቱ አብራሪዎች እያንዳንዳቸው ከ10,000 ሰዓት በላይ የበረሩ፣ ለ12 ዓመት ያህልም አብረው የሠሩ ናቸው።

በጋልፍስትሪሙ ውስጥ መቆለፊያው ቀይ ቀለም የተቀባ እጀታ ነው፤ ሞተር ከመነሳቱ በፊት መፈታት አለበት። ቢረሳ እንኳ፣ ሞተር ከተነሳ በኋላ መሪዎቹን ግራና ቀኝ፣ ላይና ታች አንቀሳቅሶ መሞከር በዝርዝሩ ላይ ተጽፏል። ሁለቱም አልተደረጉም። የጥቁር ሣጥኑ ቅጂ ቼክሊስት ሲነበብ አያሰማም። አውሮፕላኑ ወደ ማኮብኮቢያው ሲቃረብ ስለ አንዲት የማስታወቂያ መብራት ጥቂት ተባባሉና አለፉ። የሞተሩ ጉልበት መጨመሪያም እስከ መጨረሻው አልሄድ አለ፤ እሱንም አለፉት። አፍንጫውን የማንሻው ጊዜ ደርሶ መሪው አልንቀሳቀስ ሲል ነው አብራሪው መቆለፊያው አለመፈታቱን ደጋግሞ ሲናገር የሚሰማው። ያኔ በከፍተኛ ፍጥነት እየተንደረደሩ ነበር። መርማሪዎች ኋላ ሲያሰሉት፣ ይህን ካሉ በኋላ እስከ 11 ሴኮንድ ድረስ ፍሬን ቢይዙ ኖሮ አስፋልቱ ላይ ይቆሙ ነበር። እነሱ ግን አስቀድመው መቆለፊያውን በሌላ ዘዴ ለማስለቀቅ ሞከሩ። ጄቱ አጥር ጥሶ ወንዝ ዳር ካለ ሸለቆ ገባና ተቃጠለ። ሰባቱም ሞቱ።

ይህን የሰማ ሰው «ምን ዓይነት ዝርክርኮች ናቸው!» ቢል አይፈረድበትም። በእኔ አስተያየት ግን ነገሩ ከዝርክርክነት የከፋ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ2015 ባወጣው ውጤት፣ በመቅጃው ላይ ከተገኙት የቀደሙ 175 በረራዎች ውስጥ መሪዎቹ በተሟላ ሁኔታ የተፈተሹት በሁለቱ ብቻ ነበር። አስቡት፤ በቀሩት 173 በረራዎች ማንም አልሞተም። እያንዳንዱ በሰላም ማረፍ «ቢቀርም ምንም አይደል» የሚል አስተማሪ ሆኖላቸዋል። ሁለት ሰዎች አሥራ ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ሲቀመጡ ደግሞ አንዱ ሌላውን «መቆለፊያውን ፈትተሃል?» ብሎ መጠየቅ እንደ ንቀት ሳይቆጠር አይቀርም። ድርጅቱ የደኅንነት ሥርዓቱን አስመርምሮ ዓለም አቀፍ ምዝገባ ያገኘ ነበር፤ መርማሪዎቹ ወረቀቱን ያዩ ይሆናል፣ ኮክፒት ውስጥ ያለውን ዝምታ ግን አልሰሙም።

ፋብሪካውም ከነገሩ ንጹሕ አይደለም። መቆለፊያው ሳይፈታ የሞተሩ ጉልበት መጨመሪያ ከስድስት ዲግሪ በላይ እንዳይሄድ ታስቦ ነበር የተሠራው። ሲፈተሽ ግን ከዚያ እጅግ አልፎ ይሄዳል። የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣንም ንድፉን በወረቀት አይቶ አጽድቆታል።

ከአደጋው በኋላ የአሜሪካ ብሔራዊ የቢዝነስ አቪዬሽን ማኅበር በሌሎች የግል ጄቶች መቅጃ ላይ ያለውን መረጃ ሰብስቦ አስመረመረ። በ2016 የወጣው ጥናት ከ2013 እስከ 2015 የተደረጉ 143,756 በረራዎችን የሚሸፍን ነበር። ከነዚህ ውስጥ ወደ 16 ከመቶ በሚጠጉት ፍተሻው ጎዶሎ ሲሆን፣ 2 ከመቶ በሆኑት ጨርሶ አልተደረገም። 2 ከመቶ ማለት ከ2,800 በላይ በረራ ነው። ከኋላ የተቀመጡት ተሳፋሪዎች ምናልባት ጋዜጣ ያነቡ ነበር።